በዘር ነው ያልነው

አሶሳ፣ አምባ አሥራ ሁለት
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስርጉት፣

እንደምን ከርመሻል? የወንበራ ደብረ ዘይት ብርድ እንዴት ይዞሻል? እዚህ አሶሳ በላብ ተጠምቀን ስናድር አንቺን አስብና ደግሞ ይበርደኛል። ያን ወፍራም ሹራብ ለጌጥ አልሰጠሁሽም፤ ልበሺው። እኛ ደህና ነን። ማሽላው ዘንድሮ ፍሬው ጠንቷል፤ ወፉ ካስተረፈልን እሰየው ነው። አባትሽም ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ሥር ተቀምጦ ገመዱን ይገምዳል፣ አላፊ አግዳሚውን በእግር ኮቴው እየለየ በስሙ ሰላም ይላል። ሰው ሁሉ ለምዶታል፤ እንግዳ ብቻ ይደነግጣል።

በመርጋ እጅ የላክሽው ደብዳቤ ደረሰኝ። ከሹፌር ሁሉ አደራ የሚያከብር እሱን አየሁ፤ እስከ ቤት ድረስ ይዞት መጣ። በስልክ ሳልመልስልሽ የቀረሁት ኮርቼ አይደለም። አባትሽን ታውቂዋለሽ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ጆሮው እጥፍ ሆኗል። በዚህ ቤት ከእሱ የሚሰወር ነገር ቢኖር ወረቀት ላይ የሰፈረ ብቻ ነው። መሠረተ ትምህርት ያስቆጠሩኝን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። አሁንም እስክሪብቶው ሲፋጭ ሰምቶ «ምንድን ነው የምትጽፊው?» አለኝ። የዕድር ነው አልኩት። «ዕድሩ ስንት ሰው ሞተበት? አንድ ሰዓት ሙሉ ጻፍሽ» ብሎ ሳቀብኝ።

አያቴ ዓይናቸውን ያጡት በስንት ዓመታቸው ነው ብለሽ ጠይቀሻል። ልጄ፣ የሞተ ሰው ዕድሜ ምን ያደርግልሻል? ድሮ ከነገርኩሽ ሌላ የምጨምረው የለኝም። በዘራቸው ያለ ነገር ነው ብያለሁ፤ ይኸው ነው።

ይልቅ አንድ ነገር ሰምቻለሁ። የወንድምአገኝ ሽማግሌዎች በኅዳር ይመጣሉ ብለን በጉን ነጥለን እየቀለብን ነበር። አሶሳ ገበያ አክስቱን አገኘኋትና «ልጅሽ አትምጡብኝ አለች» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ምን አደረገሽ? ያ ልጅ ባለፈው ዓመት መጥቶ ሲያድር አባትሽን እጁን ይዞ ወንዝ ድረስ ሲያንሸራሽረው አይቻለሁ። ክፉ ሰው እንዲያ አያደርግም። ከበደለሽ ንገሪኝ፤ ካልበደለሽም ንገሪኝ።

እናትሽ የዝናሽ


ደብረ ዘይት፣ ወንበራ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ እማዬ። ሹራቡን ለብሻለሁ። በዕድር ስም የተጻፈው ደብዳቤሽም ደርሶኝ አንዴ አስቆኝ፣ አንዴ አስለቅሶኛል።

ወንድምአገኝ አልበደለኝም። እሱን የመሰለ ሰው ከየት አገኛለሁ? አብረን እናስተምራለን፤ እሱ ኬሚስትሪ፣ እኔ ባዮሎጂ። ጠመኔ ሲያልቅብኝ የራሱን ለሁለት ቆርሶ የሚሰጠኝ ሰው ነው። እምቢ ያልኩት ስለምወደው ነው። ይህን ለእሱ ግን አልነገርኩትም፤ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ብቻ ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ በመምህራን ማረፊያ ስንገናኝ ጎንበስ ብሎ ያልፋል።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ዘር ውርስ እያስተማርኩ ተማሪዎቹን የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ከቤተሰባችሁ ምላሱን መጠቅለል የሚችለው ማን ነው፣ የማይችለው ማን ነው፣ ጆሮው ጫፉ የተንጠለጠለው ማን ነው፣ የተጣበቀው ማን ነው፣ ቆጥራችሁ አምጡ አልኳቸው። የአንድ እናትና አባት ልጆች ሆነው እንዴት እንደሚለያዩ በዓይናቸው እንዲያዩ ብዬ ነው። ደስ ብሏቸው አመጡ። ከዚያ ቀጄላ የሚባል ተማሪ ተነሣ። አማርኛው ገና ነው፤ በቤታቸው በሺናሻ ነው የሚነጋገሩት። «መምህር፣ አንተ ቤት ደግሞ ምን አለ? አባት ዓይን የለውም ብሎ ነግሮናል። አያትስ?» አለኝ። በተንኮል አልነበረም። እኔም ለማሳየት ሰሌዳው ላይ ሣልኩት፤ ካሬ ወንድ ነው፣ ክብ ሴት፣ የጠቆረው በሽታው ያለበት። አያቴ፣ ጥቁር ካሬ። አባቴ፣ ጥቁር ካሬ። እኔ፣ ክብ። ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። ያን ሥዕል ለሌላ ሰው ቤተሰብ ሠርቼው ቢሆን ምን እንደምል አውቃለሁ እኮ! ከወላጅ ወደ ልጅ በግማሽ ዕድል ይሄዳል ነው የምለው። ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ ዘውድ ወይም ጎፈር ብሎ መጠበቅ ነው።

አባዬ በሠላሳ አራት ዓመቱ ነው ዓይኑ የጠፋው። እኔ ሃያ ስምንት ሆኛለሁ። እኔ ብታወር ችግር የለም፤ አባዬን እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ዓይነ ስውር ሰው ቤት እንደሚያቆም አውቃለሁ። ግን ወንድምአገኝን መሪ ላደርገው፣ ልጄንም ጨለማ ላወርሰው አልችልም። ሳላውቅ ቢሆን ኖሮ እሺ። አውቄ ግን አልችልም።

ስለዚህ ነው የአያቴን ዕድሜ የጠየቅኩሽ። በወጣትነታቸው ከሆነ የፈራሁት እውነት ነው ማለት ነው። እባክሽ እማዬ፣ የምታውቂውን ጻፊልኝ።

ልጅሽ ስርጉት


አምባ አሥራ ሁለት
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ሰላምታውን እንደወትሮው ባላረዝመው ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ እህል ውሃ አልስማማኝ ብሏል። አባትሽ «ማታ ማታ ትገላበጫለሽ፣ ምን ነካሽ?» ይላል። ወገቤን ነው እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አያትሽ ዓይናቸው የጠፋው ሸምግለው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ሞራ ነበር፤ ነጭ ሆኖ ከውጭ ይታይ ነበር። ዛሬ ቢሆን በአንድ ቀን ገፍፈው ያነሡላቸዋል። ከእሳቸው በፊት በዚያ ቤት ዓይኑ የጠፋ ሰው የለም። በዘራቸው ነው ብዬ የነገርኩሽ ውሸቴን ነው።

አባትሽም በዘር አይደለም። በድንግል ማርያም ስም እምልልሻለሁ፣ በዘር አይደለም። ካንቺ ወደ ልጅሽ የሚሄድ ነገር የለም። ወንድምአገኝን እሺ በዪው፣ ሽማግሌውም ይምጣ። ለምን ዋሸሽ ብለሽ አትጠይቂኝ። እናትሽ ነኝ፣ እመኚኝ።

የዝናሽ


ደብረ ዘይት
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለየዝናሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉን ያሳለፍኩት ለብቻዬ ነው። ዶሮ አልሠራሁም፤ ጎረቤቴ ምንውየለት በሳህን አምጥታልኝ በላሁ።

እማዬ፣ ደብዳቤሽን ሃያ ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን አስተማሪዋ ነቃችብኝ። እኔን ለማስደሰት ብለሽ ቢሆንስ? አንዴ ዋሽቻለሁ ካልሽኝ ሁለተኛውን በምን ልለየው? የአያቴን ሰማሁ። አባዬስ? ጤነኛ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ዓይኑ ዝም ብሎ አይጠፋም። በዘር ካልሆነ በምን ሆነ?

ለእናት እንዲህ እንደማይጻፍ አውቃለሁ። ይቅር በይኝ። ግን «እመኚኝ» ብቻውን ማስረጃ አይሆነኝም። ልጅ ልወልድበት ነው እኮ።

ወንድምአገኝ ትናንት በር ላይ ጠብቆኝ ነበር። ገነተ ማርያም ያሉት ወላጆቹ እስከ ፋሲካ ቁርጡን ካልነገርከን ሌላ ቤት ሽማግሌ እንልካለን ብለውታል። «አንቺ እምቢ በዪኝ፣ እችለዋለሁ። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ግን እንዴት ልቻለው?» አለኝ። መልሱ አንቺ ጋ ነው ያለው።

ስርጉት


አምባ አሥራ ሁለት
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስርጉቴ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

ይህን ስጽፍ አባትሽ ቀብር ሄዷል። ጎረቤት ይዞት ሄደ፤ እስኪመለስ ጊዜ አለኝ። የምጽፍልሽን አንብበሽ እናቴ አልልሽም ካልሽኝ አልቀየምሽም።

የአባትሽን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

አንቺ ያኔ ገና አራት ዓመትሽ ነበር፤ አታስታውሺውም። በዚያን ጊዜ አረቄ አወጣ ነበር። በመንደሩ የእኔን የሚያህል አልነበረም፣ ከአሶሳ ድረስ እየመጡ ይወስዱ ነበር። እኔም ኩራቱ ነበረኝ። በዚያ ዓመት የጌሾ ነጋዴው ቀረ፤ መንገድ ተበላሽቷል ተባለ። ያለ ጌሾ ደግሞ ምን ጥንስስ አለ? ወንዙ ዳር ቅጠሉ ቁርጥ ጌሾ የሚመስል አንድ ዛፍ ነበር። ቀጥፌ አደረቅኩት፣ ወቅጬ ከብቅሉ ጋር ጠነሰስኩት። አገሩ የጎረቤታችን የነዕማ ነው፤ እነሱ በርታዎቹ እያንዳንዱን እንጨት በስሙ ያውቁታል። ቤቷ ከቤቴ አጥር ለአጥር ነው። አንድ ቃል ብጠይቃት ምን ነበረበት? አረቄ የማትጠጣ ሴት ስለ ጥንስስ ምን ታስተምረኛለች ብዬ ኮራሁ። ከወሎ በልጅነቴ መጥቼ እዚህ አፈር ላይ አድጌ፣ ዛፉን እንኳ ሳልጠይቅ የአገሬ አስመሰልኩት።

አባትሽ ሽንኩርት ጭኖ ከመኪና ጋር ወደ ጠረፉ ኩርሙክ ሄዶ ነበር። ቅዳሜ ተመለሰ። ራሱን ይዞታል፣ ያስመልሰዋል። ምች ነው ብዬ ያን አዲሱን አረቄ በኩባያ ሰጠሁት። ሲያቃስት ደግሜ ሰጠሁት። እሑድንም ሙሉ እያሳረፍኩ አጠጣሁት፤ ትንሽ ያስተኛዋል ብዬ ነው። ሰኞ ነቃና «የዝናሽ፣ ለምን መብራት አታበሪም?» አለኝ። ረፋድ ነበር ልጄ። ፀሐይዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር።

ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ምን ጠጣ ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አልኩ። የዓይኑ ነርቭ ሞቷል፣ ምክንያቱን አላወቅንም አሉን። ቤት ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ «ምን አገኘው?» ሲል አፌ ቀድሞኝ «በዘራቸው ነው፣ አባቱም እንዲሁ ነበሩ» አለ። ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጣሁ። ማሰሮውንም መቃውንም ሰባብሬ ጣልኩ፣ ዛፉን ቆረጥኩት። አረቄ የተወችው ንስሐ ገብታ ነው ይላሉ። ከዚያ አረቄ ለሌላ ሰው አልሸጥኩም፤ እኔም ለማጣጣም ያህል ብቻ ነው ምላሴ ላይ ያስነካሁት።

አባትሽ አያውቅም። ሃያ አራት ዓመት አብሬው ስተኛ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። በተመሰገንኩ ቁጥር ነው የምቃጠለው። አንቺ ይህን ጨለማ በደምሽ ይዘሽ እንደምትዞሪ ባውቅ ግን ቀድሜ እናገር ነበር። ወንድምአገኝን አግቢው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የደምሽ አይደለም።

እናትሽ


ደብረ ዘይት
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ እናቴ፣

እናቴ አትለኝም ብለሽ እንዳሰብሽ ስላወቅኩ ነው ሁለት ጊዜ የጠራሁሽ። መልሴ ወር ሙሉ የቆየው ተቀይሜ አይደለም፤ መጀመሪያ ሦስት ቀን አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር አንዱን ቀን የተቆጣሁትም አንቺን ነው። «ሐኪሙ ምን ጠጣ ሲልሽ ለምን ምንም አልሽ?» እያልኩ ብቻዬን ጮህኩ። ከዚያ ሃያ ስምንት ዓመትሽን አሰብኩት፤ ያኔ ልክ በእኔ ዕድሜ ነበርሽ። የአራት ዓመት ልጅ ታቅፈሽ፣ ባልሽ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ መብራት አብሪ ሲልሽ። ቁጣዬ አለቀ።

ቀሪውን ጊዜ ያጠፋሁት ለመጠየቅ ነው። ከጻፍሽው አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። አባዬ ሲመጣ ታሞ ነው የመጣው። ያንቺን አረቄ ከመቅመሱ በፊት!

ወንድምአገኝ ጋ ሄድኩ። ስለ አንድ የማውቀው ሰው ነው ብዬ ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «አባትሽን ነው አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ለምን እምቢ እንዳልኩትም ያን ጊዜ ነገርኩት። ከዚያ የፈተና ወረቀት ገልብጦ በጀርባው ይሥልልኝ ጀመር። እንግዲህ እሱ ያስረዳኝን ባንቺ ቋንቋ ላድርገው።

አልኮል አንድ ዓይነት አይደለም። ከብቅልና ከእህል የሚወጣው፣ ጠላውም አረቄውም ውስጥ ያለው፣ ኤታኖል ይባላል። ሌላ ደግሞ ሜታኖል የሚባል አለ፤ ሽታውም መልኩም ይመሳሰላል። ለቀለም ማቅጠኛና ለፋብሪካ ነው እንጂ ለሰው አይሆንም። እንደ ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው የሚለየው በጥቂት ነው። ሜታኖል ጉበት ሲደርስ ጉበታችን እንደ መልካሙ አልኮል ሊፈጨው ይሞክርና ወደ መርዝ ይለውጠዋል። ጉንዳን ሲነክስ የሚያቃጥለው ዓይነት አሲድ ይሆናል። ያ አሲድ ቀድሞ የሚመታው የዓይንን ነርቭ ነው። ወዲያውኑም አይታወቅም፤ ሰውዬው ጠጥቶ፣ ተኝቶ፣ በማግሥቱ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ጉም ውስጥ የገባ ያህል ይሆንበታል። እማዬ፣ ከእህል በተጠነሰሰ አረቄ ውስጥ ሜታኖል ቢኖር እንኳ ከቁጥር የማይገባ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት የሚያደርሰው ከውጭ የመጣ፣ የፋብሪካ ስፒሪት ሲጠጣ ነው።

አሁን የምነግርሽን ተቀምጠሽ አንብቢው። ጉበት ሁለቱን አልኮል የሚፈጭበት መሣሪያ አንድ ነው። ሁለቱም ባንድ ላይ ከመጡ መልካሙን ያስቀድማል። መልካሙ ተራውን ይዞ እስካለ ድረስ መጥፎው ሳይፈጭ፣ መርዝ ሳይሆን፣ ቀስ እያለ በሽንት ይወጣል። ሌላ መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ ሐኪሞች ሜታኖል የጠጣን ሰው መልካሙን አልኮል እየሰጡ ነበር የሚያድኑት። ሰዓት እየቆጠሩ፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። አንቺ ቅዳሜና እሑድ ያደረግሽውን ነው።

አባዬ ኩርሙክ ላይ ያን ዓይነት ነገር ጠጥቶ ከነበረ፣ ያንቺ አረቄ ዓይኑን አላጠፋውም። እሱ ሲመጣም ዓይኑ እየጠፋ ነበር። ያንቺ አረቄ ነፍሱን ነው ያተረፈው።

ግን ይህ «ከነበረ» ነው። ቅጠሉንም አላውቀውም፤ ነዕማን ጠይቂያት። ዋናውን የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ጉሙን ያየው ቤት ከመድረሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህን ከጠየቅሽው ለምን እንደጠየቅሽ መናገርሽ አይቀርም፤ የምለምንሽ ከባድ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ለእኔ ብለሽ ብቻ አይደለም የምለምንሽ፤ ላንቺም ነው።

ልጅሽ ስርጉት

ወንድምአገኝ ሰላም በይልኝ ብሏል። መልሱ ምንም ይሁን ምን እኔ እጠብቃለሁ ብሏል።


አምባ አሥራ ሁለት
መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን ለስርጉት፣

ጾሙን እንዴት ይዘሽዋል? እኛ ሁለታችንም በሕይወት አለን፤ ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ።

ደብዳቤሽን ይዤ ሁለት ሳምንት ዞርኩ። መጀመሪያ ነዕማ ጋ ሄድኩ። የተቆረጠው ዛፍ ከጉቶው አቆጥቁጦ ኖሯል፣ ቀንበጡን ይዤላት ሄድኩ። አየችውና ሳቀችብኝ። «ወላሂ የዝናሽ፣ እሱ ቅጠል ፍየል ሁልጊዜ ይበላል። እኛ ድስት በእሱ ይታጠባል። ልጅ ሆድ ሲያመው እናቴ አፍልቶ ያጠጣል። ምን ሐራም አለበት?» አለች። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ አራት ዓመት አጥር ለአጥር ኖረን ያልጠየቅኳት ነገር ይኼው ነበር።

አባትሽን ግን መጠየቅ ከበደኝ። ማክሰኞ ማንጎ እየለቀምን ነበር። ታውቂዋለሽ፣ እኔ አወርዳለሁ፣ እሱ ዳብሶ ይለያል። ከየትኛው ዛፍ እንደወረደ ሳይቀር በልጣጩ ይነግርሻል፤ ከአንድ ዛፍ ፍሬ የበቀሉ እንኳ አይመሳሰሉም ይላል። ጀርባዬን ሰጥቼው ቆሜ «ያኔ ከኩርሙክ ስትመጣ ጉም ያየኸው ቤት ከመድረስህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አልኩት። እጁ ማንጎው ላይ ቆመ።

«ጉም ማየቴን ማን ነገረሽ?» አለኝ።

ለማንም ተናግሮት አያውቅማ! «ስርጉት ከትምህርት ቤት አገኘችው» አልኩት። ከዚያ ያልሰማሁትን ሁሉ አወጣው። ቀሪውን ከራሱ አፍ ትስማው ስላለ የሚለውን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ። ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል።

«ልጄ ስርጉት፣ እኔ አባትሽ ወሰን ነኝ። አንቺ ክርስትና በተነሣሽ ቀን ከቤቴ ውጭ መጠጥ አልቀምስም ብዬ ተስዬ ነበር። ኩርሙክ ላይ ሽንኩርቱን አራግፈን ስንጨርስ ሹፌሩ ከመኪናው ጀሪካን አወጣ። ለቀለም የመጣ ስፒሪት ነው፤ በውሃ ሲቀጥን ከአረቄ አይለይም አለ። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ እኔ፣ ሦስታችንም ጠጣን። በማግሥቱ መንገድ ላይ በቀትር ጉም አየሁ። በዚህ ወራት ጉም አለ እንዴ ብዬ ሹፌሩን ጠየቅኩት። እሱም ዓይኑን እያሻሸ ነበር የሚነዳው። እኔን አሶሳ አወረዱኝና አለፉ። ሁለቱም ሳምንት ሳይሞላቸው መሞታቸውን ኋላ ሰማሁ። ስለቴን ያፈረስኩ ነኝና ፈጣሪ ዓይኔን ወሰደው ብዬ ዝም አልኩ። እናትሽ ለሰው በዘሩ ነው ስትል ስሰማ፣ ገብቷት ነው፣ ነውሬን ሸፈነችልኝ ብዬ ነበር። ክፉ ቃል ያልተናገርኳት ለዚያ ነው። ሃያ አራት ዓመት በልቤ ሳመሰግናት ኖሬያለሁ።»

እኔ እንግዲህ እሱ ይህን ሲል የቅጠሉን ነገር፣ የአረቄውን ነገር ሁሉ ነገርኩት። የሚጮህብኝ መስሎኝ ነበር። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላሉ፤ አንቺ ደግሞ ማንም ሳይለክክብሽ ራስሽ ወስደሽ ለከክሽው?» አለና መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነበት። ሁለታችንም ማንጎው መሃል ተቀምጠን አለቀስን። ነዕማ በአጥሩ ላይ አይታን ሰው የሞተ መስሏት ሮጣ መጣች።

ከዚያ ደብዳቤሽን አነበብኩለት። «ያንቺ አረቄ ነፍሱን ነው ያተረፈው» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመኝ። ደግመሽ አንብቢው አለኝ። ደገምኩለት። አሁንም ድገሚው አለኝ። «እነዚያ ሁለቱ ያጡት ይህን ነበር» አለ። እጁን ዘርግቶ ፊቴን ፈለገ። ልጄ፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ እተኛለሁ።

አሁንም ጻፊልኝ ያለኝ አለ፤

«ስርጉት ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ይምጡ። ሽማግሌ ሲቀመጥ ዘር ይጠየቃል፤ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ለአባቴም ለእኔም በዘራቸው ነው የሚለውን ይህ መንደር ሁሉ ይዞታል። ያን ቀን በመንደሩ ፊት ቆሜ፣ ዘሬ ንጹሕ ነው፣ ዓይኔን ያጠፋሁት ስለቴን አፍርሼ ስፒሪት ጠጥቼ ነው እላለሁ። ሚስቴ አዳነችኝ እላለሁ። እስከዛሬ ያልተናገርኩት ላፍርበት ስለማልፈልግ ነበር፤ አንቺ በእኔ ምክንያት ቤትሽን ከምታጪ ግን እኔ ልፈር። በአባትሽ የምታፍሪ ከሆነ አሁኑኑ ጻፊልኝና ሌላ ዘዴ እንፈልግ። የማታፍሪ ከሆነ ነይ።»

ይህን ብሎ ጨርሷል። እኔም ጨረስኩ።

እናትሽ የዝናሽ፣ አባትሽ ወሰን


ደብረ ዘይት
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ አባቴ ለወሰን፣

ለአንተ ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስንት ዓመት ለእማዬ ጽፌ «አባዬን ሰላም በይልኝ» እያልኩ በአንድ መስመር አለፍኩህ። ይቅር በለኝ። እማዬ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢለት፤ ምንም እንዳታስቀሪ።

አባዬ፣ አላፍርብህም። ቆመህ ስትናገር አጠገብህ ነው የምቆመው። እንዲያውም አንተ ተቀመጥ፣ እኔ ልናገር ልልህ ነበር፤ ወንድምአገኝ «ተዪ፣ እሳቸው ይናገሩ፣ የሚቀላቸው እንዲያ ነው» አለኝ። ልክ ነው።

ለወላጆቹ ነግሯቸዋል። እናቱ «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለዋል። ሽማግሌዎቹ አራት ናቸው፤ የዳግም ትንሣኤ ማግሥት ከገነተ ማርያም ይነሣሉ። እኛ ቀደም ብለን በስቅለት ዋዜማ ከመርጋ ጋር እንመጣለን። ፋሲካን አብረን እንፈታለን።

ተማሪዬ ቀጄላ «መምህር፣ አንተም የቤት ሥራ አምጣ» ብሎኛል፤ ያን ሰሌዳ ላይ የሣልኩትን እንዳልጨረስኩት አልረሳውም። ዓርብ ዕለት ክፍል ገብቼ እንደገና ሣልኩላቸው። የአንተን ካሬ ባዶ ተውኩት፤ ነጭ። ለምን ሲሉኝ ነገርኳቸው፣ ሁሉንም።

ከክፍል ስወጣ ወንድምአገኝ በር ላይ ቆሞ ነበር። ወደ ቤት እየሸኘኝ፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመጣብን ፊቴን አየና «ዓይንሽ እንዲህ የሚያምረው ከማን ወርሰሽው ነው?» አለኝ።

ከአባቴ ነው አልኩት።

ልጅህ ስርጉት